ለአገሩ ባዳ፣ ለሰዉ እንግዳ
(ስለ አንድ ያልተጻፈ ሌሊት)

ለዚህ ዕትም ከቀረቡት አጫጭር ልብ ወለዶች ሰባቱ የሚጀምሩት አውቶቡስ ተራ ነው። አንድ ልጅ ከገጠር ይመጣል፤ ከአውቶቡስ ይወርዳል፤ ሻንጣውን ይሰረቃል። ሻንጣው ከተረፈ ደግሞ ዝናብ ይደበድበዋል። ቀና ብሎ ፎቆቹን ያይና «ይህች ከተማ ልብ የላትም» ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ሁለት ነው፤ ወይ ጠፍቶ ይቀራል፣ ወይ ዲግሪውን ይዞ በመኪና ወደ አገሩ ይመለሳል። ምርጫው የደራሲው ነው።

ብዕር ያነሣነው በነዚህ ታሪኮች ለመሳለቅ አይደለም። የጻፏቸው ጓደኞቻችን ናቸው። እውነቱን ለመናገር ባለፈው ዓመት እኛም አንድ ጽፈን ነበር፤ አዘጋጆቹ ደጎች ስለሆኑ ሳያወጡት ቀሩ። ስለዚህ ይህ ሂስ የሚጀምረው ከራሳችን ነው። («እኛ» እያልን የምንጽፈው የዚህች መጽሔት ልማድ ስለሆነ ነው እንጂ አንድ ሰው ነን፤ ያውም ከቁሐር ሚካኤል።)

ጥያቄያችን አንድ ነው። ማንንም ወደማያውቁበት ከተማ መግባት በዚህ ግቢ ካለነው ውስጥ ያልደረሰበት ጥቂት ነው። ምደባ ሲወጣ ስማችን አይተነው ከማናውቀው ከተማ ጎን ተጽፎ እናገኘዋለን። የወረታው ጅማ ይደርሰዋል፤ የአሰላው ባሕር ዳር። ታዲያ ሁላችንም ያለፍንበትን ነገር ስንጽፈው ለምን ማናችንንም አይመስልም? ያየነውን ትተን ያላየነውን የምንጽፈው ለምንድን ነው?

፩. ሰላምታ

የራሳችንን አመጣጥ በአጭሩ እንናገር። ቁሐር ሚካኤል ከወረታ አጠገብ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ያለች ቀበሌ ናት። ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ያለብሱታል፤ ጣና የት ጀመረ፣ መሬቱ የት አለቀ ለማለት ያስቸግራል። ወረታ ደግሞ የመንገድ መገናኛ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው መንገድና ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ወልድያ የሚታጠፈው የሚለያዩት እዚያ ነው። መኪናና መንገደኛ ስናይ ነው ያደግነው። ስለዚህ ከተማ ያስደነግጠናል ብለን አልጠበቅንም።

ከወረታ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደጀን ወርደን፣ ዓባይን ተሻግረን፣ ጎሐ ጽዮን ላይ ወጥተን ሲመሽ ገባን። ማንም አልሰረቀንም። ዝናብም አልነበረም። ረዳቱ ሻንጣችንን ከላይ አቀብሎን «ተሜ፣ ግቢ ነህ? ታክሲው በዚያ በኩል ነው» አለ። አለቀ። ለልብ ወለድ የሚሆን ነገር አልተገኘም።

በማግስቱ ጠዋት ግን አንድ ነገር ሆነ። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በእግራችን ስንወጣ ያገኘነውን ሰው ሁሉ «እንደምን አደሩ» እያልን ነበር። በኛ አገር መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ዝም ብሎ ማለፍ ወይ ቂም ነው፣ ወይ ሕመም ነው። ጥቂቶቹ መለሱልን። አንዲት እናት «እግዜር ይመስገን ልጄ፤ የማን ነህ?» ብለው ቆሙና ፊታችንን ለማስታወስ ሞከሩ። እንደማንተዋወቅ ሲገባቸው ፈገግ ብለው አለፉ። አንድ ጎልማሳ ክው ብሎ ኪሱን ዳሰሰ። የካቲት 12 ሐውልት ጋ ስንደርስ ሰላምታውን ትተነው ነበር።

የኛ አውቶቡስ ተራ ይህ ነው። ከተማዋ ልብ ስለሌላት አይደለም፤ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ እጅ ሲነሣ የዋለ ሰው ሥራው አይደርስም። የጠፋብን ሻንጣ አልነበረም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተማርነው አንድ ምግባር በአንዲት አጭር ዳገት ላይ ዋጋ አጣ። ይህን ግን አልጻፍነውም። የጻፍነው ሌባ ነበር። ሌባ ታሪክ ይመስላል፤ ሰላምታ አይመስልም።

፪. መጻሕፍቱ

ጥፋቱን ግን ለኛ ብቻ መስጠት አይገባም። የአማርኛ ልብ ወለድ ራሱ ሰውን ወደ ባዕድ ከተማ መላክ ይወዳል፤ የመጀመሪያውን ሌሊት ማሳደር ግን አይሆንለትም።

የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «አዲስ ዓለም» በ1925 ዓ.ም. የታተመ ነው። ዐወቀ የተባለው የተጉለት ልጅ ፓሪስ ድረስ ሄዶ ተምሮ ይመለሳል። እስቲ አስቡት፤ የተጉለት ልጅ ፓሪስ ውስጥ በመጀመሪያው ጠዋት ሲነቃ! ምን ሰማ? ምን አቀረቡለት? የጸሎቱን አቅጣጫ በምን ለየ? የመጽሐፉ ልብ ግን እዚያ አይደለም። ልቡ ያለው ዐወቀ ከተመለሰ በኋላ፣ በተዝካርና በጋብቻ ነገር ከዘመዶቹ ጋር በሚገጥመው ክርክር ላይ ነው። የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ»ም (1941 ዓ.ም.) ፈረንሳይ አገር ተምሮ፣ አገሩን ላገልግል ብሎ የሚመለስ ሰው ታሪክ ነው። ለሁለቱም ደራሲዎች ባዕዱ ከተማ ትምህርት ቤት ነው፤ ባዶ እጅ ይገባበታል፣ እውቀት ይዞ ይወጣል። በሩ ላይ ቆሞ የሚያመነታ ሰው አናይም።

ይህን የምንለው ትልልቆቹን ለመውቀስ አይደለም። በዘመናቸው የነበረው ጥያቄ «የተማረው ሰው ላገሩ ምን ያደርጋል? አገሩስ ምን ያደርገዋል?» የሚል ነበር። ለዚያ ጥያቄ መመለሱ እንጂ መድረሱ አያስፈልግም። ችግሩ እኛ ነን። ጥያቄያቸውን ትተን የታሪኩን ቅርጽ ብቻ ወርሰነዋል፤ ሂድ፣ ተማር፣ ተመለስ፤ ካልሆነም ሂድ፣ ጥፋ፣ ቅር።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከዚህ ይለያል ብለን እናምናለን። በዛብህ የማንኩሳ ልጅ ነው፤ ዲማ ሲመጣ ለአገሩ ባዳ ነው። ሆኖም ለመጣው ሰው የተዘጋጀ ቦታ አለ፤ ቦታው «ተማሪ» ይባላል። ተማሪ ከየትም ይምጣ ከየት የሚያርፍበት ደጀ ሰላም፣ የሚሰማው መምህር፣ የሚለምንበት ቃል አለው። በዛብህ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሊያስተምር ወደዚያ ቤት የገባው በዚህ ቦታ በኩል ነው። መከራው የመጣው እንግድነቱን ትቶ የቤት ሰው ልሁን ባለ ጊዜ ነው። እንግዳ ሆኖ ቢኖር ማንም አይነካውም ነበር፤ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ ግን የዘር ቆጠራው መጣ።

ጉዱ ካሣን ደግሞ እዩት። የተወለደበት አገር ነው፤ የዚያው ቤት ዘመድ ነው። የሚያውቀው ሰው ሞልቷል። ነገር ግን ከበዛብህ ይልቅ ባዳው እሱ ነው። የሚናገረውን የሚሰማው ስላጣ እብድ ተብሏል። እኛ እንደምናነበው ሀዲስ ዓለማየሁ ሁለቱን ያቀራረቧቸው በአጋጣሚ አይደለም። ሰው የሚያውቀው ስለሌለ ብቻ ባዳ እንደማይሆን፣ የሚያውቀው ስላለም ብቻ ዘመድ እንደማይሆን የሚያሳየን ይህ ጥምረት ነው። የኛ የአውቶቡስ ተራ ታሪኮች ይህን አይጠረጥሩም። «አገር ቤት ሁሉም ያውቀኛል፣ እዚህ ማንም አያውቀኝም» ብለው ይዘጋሉ። አገር ቤት ያለው ትውውቅ ሁሉ ፍቅር ነበር እንዴ?

ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. ባወጣው «አደፍርስ» መንገዱን ገልብጦታል። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ከከተማ ወደ ሸዋ ገጠር ይሄዳል። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎችን አንድ አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ይልክ ነበርና ነገሩ ያኔ ለብዙዎች የታወቀ ነው። አደፍርስ ከሁሉ ጋር ይከራከራል። ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ባህል፣ ስለ ትምህርት አፉን አይዘጋም። መጀመሪያ ስናነበው «ይህ ሰው አያደክመውም?» አልን። ሁለተኛ ስናነበው ግን አንድ ነገር ታየን፤ ማንም የማያውቀው ሰው እንዲህ ነው የሚናገረው። ሰላምታው ያልሠራለት ሰው በክርክር ይገባል። እኛም በመጀመሪያው ሴሚስተር ካፌ ተቀምጠን ስንት ያልገባንን ነገር ተከራክረናል!

በዚያው ዓመት የታተመው የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» የከተማ ብቸኝነት መጽሐፍ ነው ይባላል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን የአበራ ወርቁ ብቸኝነት የከተሜ ብቸኝነት ነው። ጓደኛ አለው፣ ሥራ አለው፣ ቤት አለው፤ የጎደለው ከራሱ ጋር መስማማት ነው። መጤው ገና እዚያ አልደረሰም። መጤው ውኃው በስንት ሰዓት እንደሚመጣ አያውቅም።

፫. አንድ ቃል፣ ሁለት ሰው

አማርኛችን በዚህ ነገር ላይ ከልብ ወለዳችን ቀድሞ አስቧል። «እንግዳ» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። የማናውቀው ሰው እንግዳ ነው፤ ጠርተን የምናስተናግደውም ሰው እንግዳ ነው። ለሁለቱ አንድ ቃል ነው ያለን። «ለአገሩ ባዳ፣ ለሰዉ እንግዳ» ሲባልም አነጋገሩ ዝም ብሎ ቤት ለመምታት አይመስለንም። ለአገሩ፣ ለመንገዱ፣ ለወንዙ ባዳ ነው፤ ለሰዉ ግን እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ አስተናጋጅ ይፈልጋል። ብቻውን እንግዳ የሚሆን ሰው የለም፤ ሁለት ሰው ያስፈልጋል።

የኛ ታሪኮች ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ነው። ባዳውን ጽፈናል፤ እንግዳውን አልጻፍንም። የመጣውን ልጅ ልብ ከፍተን ገጽ ሙሉ እናስለቅሰዋለን። የተቀበለው፣ ወይም ሳይቀበለው የቀረው ሰው ግን ስምም ፊትም የለውም፤ «ከተማ» ተብሎ በጅምላ ይወቀሳል።

መንግሥቱ ለማ ከአባቱ ከአለቃ ለማ ኃይሉ አፍ የተቀበለውን ትረካ በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» ብሎ አሳትሟል። ልብ ወለድ አይደለም፤ ሽማግሌ ያሳለፉትን ሲያወጉ ነው። ለቅኔ ብለው አገር ላገር የዞሩ ሰው ናቸውና ማንንም ወደማያውቁበት መግባት ለእሳቸው የአንድ ቀን ነገር ሳይሆን የትምህርቱ ግማሽ ነበር። ይህን መጽሐፍ ለዚህች መጽሔት ጸሐፊዎች ሁሉ እንዲያነቡት እንመክራለን፤ ስለ ቅኔው ብቻ አይደለም። በእንዲህ ያለው ወግ ውስጥ የሚያሳድርም የሚያባርርም ሰው ፊት አለው። ሽማግሌ ሲያወጋ ሰውየውን ያስታውሳል እንጂ «ከተማ» አይልም።

ያ ሥርዓት ምን እንደነበረ ከቤተ ክህነት ቤት የመጡ ጓደኞቻችን ያውቁታል። ደበሎ ለባሹ ልጅ አኩፋዳውን አንግቶ ከማያውቀው ደጃፍ ይቆማል። «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ይህች ቃል መታወቂያው ናት፤ ስሙን አይጠየቅም፣ የማን ልጅ ነህ አይባልም፣ ቁራሽ ይሰጠዋል፤ አንዳንዴም ውሻ ይለቀቅበታል። የመሸበት መንገደኛም «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ካለ ቤት ይከፈትለታል።

ነገር ግን ይህን ማር ብቻ አድርገን አንጻፈው። የአንድ ሌሊት እንግዳ ይባረካል፤ የሰነበተ እንግዳ ስሙ ይለወጣል። «መጤ» ይባላል። ርስት የለውም፤ በማኅበሩ መጨረሻ ይቀመጣል። ሸማኔ ወይም ቀጥቃጭ ከሆነ ደግሞ ልጅ በታመመ ቁጥር ዓይን ወደ እሱ ይዞራል። ቤቱን ለእንግዳ የከፈተውና ይህን ቃል የፈጠረው ያው አንድ ሕዝብ ነው። በዘመናችን «መጤ» የሚለው ቃል ስንት ሰው ከቤቱ እንዳስወጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ እዚህ አንዘረዝረውም። ታሪክ የምንጽፍ ሰዎች ግን «እንግዳ» የሚባለው ሰው በስንተኛው ቀን «መጤ» እንደሚሆን ማየት አለብን። ከዚያ የበለጠ የልብ ወለድ ርእስ ከየት ይመጣል?

፬. እኛም ከተማ ነበርን

አሁን ወደ ፎገራ እንመለስ፤ የምንመለሰው ስለናፈቀን ብቻ አይደለም።

በኛ አገር ሩዝ ይዘራል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ተሞክሮ ከዚያ ወዲህ ሜዳውን ሁሉ ያዳረሰ እህል ነው። «ኤክስ ጅግና» የሚባለውን ዘር የማያውቅ የፎገራ ልጅ የለም፤ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይሆናል። ሩዝ ግን እጅ ይበላል። አረሙ ብዙ ነው። ውኃ ውስጥ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በእጅ ነው የሚነቀለው። የቤት ሰው አይበቃውም። ስለዚህ በአረምና በአጨዳ ጊዜ ከደጋው፣ ከፋርጣና ከእብናት በኩል የቀን ሠራተኛ ይመጣል። ጎህ ሲቀድ ወረታ መንገድ ዳር ተሰልፈው ቆመው ታያቸዋለህ፤ ጋቢ፣ በትር፣ በፌስታል የተቋጠረ ስንቅ። ገበሬው ይመጣል፣ ዋጋ ይነጋገራል፣ አምስት ስድስቱን ይዞ ይሄዳል። የተረፉት ፀሐይ እስኪሞቅ ይቆማሉ። ሲመሽ በረንዳ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ያድራሉ።

እነዚህ ሰዎች ማንንም ወደማያውቁበት ከተማ የመጡ ናቸው። ከተማውም ወረታ ነው። የማያውቃቸው ሰውም እኛ ነን።

አንድ ነሐሴ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለን፣ አባታችን ሠራተኛ ይዘህ ና ብለው ላኩን። አራት ሰው አመጣን። አንደኛው በዕድሜ ከኛ ብዙ አይበልጥም፤ ረግረግ ውስጥ ሲገባ ይፈራ ነበር፤ አልቅት ሲይዘው ጮኸ። ሳቅንበት። ማታ እናታችን ምሳውን በምን እንደበላ ጠየቁን። አላየንም አልን። «ስሙስ ማን ነው?» አሉ። አልጠየቅነውም ነበር። «ታዲያ ቀኑን ሙሉ ምን ብለህ ጠራኸው?» አሉን። «አንተ» ብለን ነው። እናታችን ምንም አልጨመሩም፤ እንጀራውን አጥፈው ሰጡንና «ውሰድለት፣ ስሙንም ጠይቀህ ና» አሉ። ሄድን። በረንዳው ላይ አልነበረም። በማግስቱም መንገድ ዳር አላየነውም።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ቆይተን አዲስ አበባ ገባንና «ይህች ከተማ ልብ የላትም» የሚል ታሪክ ጻፍን። አዘጋጆቹ ስላላወጡት ደግመን እናመሰግናለን።

ነገሩ የንስሐ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የአጻጻፍም ጉዳይ ነው። ወረታ ልብ የላትም እንዴ? እኛ የምናውቃት ወረታ ልብ አላት። ግን ያ ልጅ ታሪክ ቢጽፍ ስለኛ ምን ይጽፍ ነበር? «አንድ የሩዝ ገበሬ ልጅ ሳቀብኝ፤ ስሜንም አልጠየቀኝም» ይል ነበር። ከተማ የሚባለው ነገር ይኸው ነው፤ ስምህን ያልጠየቀህ አንድ የተወሰነ ሰው። ደራሲ ያንን ሰው ፊት ሊሰጠው ይገባል።

፭. ሱቅና ዕድር

የኛ ሰው አሁን የሚገባበት ባዕድ ከተማ አዲስ አበባ ብቻ አይደለም፤ ቤይሩትም ነው፣ ሪያድም ነው፣ ዋሽንግተንም ነው። ከዚህ በኩል አንድ ሥራ እንጥቀስ። ዲናው መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ2007 በእንግሊዝኛ ያሳተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ዋሽንግተን ውስጥ ሎጋን ሰርክል በሚባል ሰፈር አነስተኛ ሱቅ ያለውን ስደተኛ፣ ሰፋ እስጢፋኖስን ይተርካል። ከመጣ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ሁለት ጓደኞች አሉት፤ አንዱ ከኬንያ፣ አንዱ ከኮንጎ። ሲገናኙ የሚጫወቱት አንድ ጨዋታ አለ፤ የአፍሪካን መፈንቅለ መንግሥቶችና አምባገነኖች ስምና ዓመት እየጠሩ መፈታተን። ያሳቅቃል፤ ያስቃልም። ደራሲው «ብቸኛ ነበሩ» ብሎ አይነግረንም። ሦስት ሰዎች ሌላ የጋራ ነገር ስላጡ የመከራ ታሪካቸውን መጫወቻ ሲያደርጉት ያሳየናል። የኛ ሰባት ታሪኮች «ብቸኛ» የሚለውን ቃል ሳይደጋግሙ ማደር አልቻሉም፤ እዚህ ግን ጨዋታው ሁሉን ነገር ተናገረ።

ከዚህ ሌላ በልብ ወለዳችን ተገቢውን ቦታ ያላገኘ አንድ የከተማ ፈጠራ አለ፤ ዕድር ነው። አዲስ አበባ ከየአገሩ በመጣ ሰው የተሞላች ከተማ ናት። ከጣልያን ወረራ ወዲህ በሰፈሩ ሁሉ የተስፋፋው ዕድር ለአንድ የመጤ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው፤ ጥያቄው «እዚህ ብሞት ማን ይቀብረኛል?» የሚል ነው። መልሱም «ጎረቤትህ፤ በወር መዋጮ» የሚል ነው። ዘመድ የሌለው ሰው ዘመድን በደንብና በመዝገብ ሠራው። ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ድስት አለው፣ ቀሪ የሚቀጣ ጸሐፊ አለው። ልብ የላትም የምንላት ከተማ የሠራችው ነገር ነው ይህ! አንድ መጤ ወደ ዕድር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመዘገብ፣ የማያውቀውን ሰው ሬሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሸኝ፣ ለማያውቀው ሰው ሲያለቅስ፤ ከጓደኞቻችን አንዱ ይህን ቢጽፍልን ሰባቱን አውቶቡስ ተራ እንለውጥበታለን።

፮. የላይኛው አልጋ

የመጨረሻውን ነገር ለመጻፍ ሁለት ቀን አመንትተናል።

በዚህ ዓመት መጀመሪያ ከክፍላችን ከላይኛው አልጋ ላይ አንድ አዲስ ልጅ ተመድቦ መጣ። የመጣው ከሩቅ ነው፤ አማርኛው ይሰባበራል። ሻንጣውን አልጋው ሥር አስገባ። «ሰላም» አለን፤ «ሰላም» አልነው። ከዚያ ወደ ሥራችን ተመለስን። ሥራችን ምን ነበር? ስለ ብቸኝነት አጭር ልብ ወለድ ማረም። ይህ ቀልድ አይደለም።

ልጁ ማታ ማታ ወደ ግድግዳው ዞሮ ይተኛል። ካፌ ሲሄድ ሁላችንም ከሄድን በኋላ ነው። አንድ ቀን ሳሙና ጠየቀን፤ ሰጠነው። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ከክፍል ስንመለስ ፍራሹ ተጠቅልሏል። ሻንጣው የለም። የክፍሉ ልጆች «አገሩ ተመለሰ መሰል» አሉ። «ምን ሆኖ?» አልን። ማንም አያውቅም። በአሥራ ዘጠኝ ቀን ውስጥ አልጋው ከአልጋችን በላይ አንድ ክንድ ከስንዝር ርቀት ላይ ነበር። ቤተሰቡ ታሞበት ይሆናል፤ ገንዘብ አልቆበት ይሆናል፤ ከኛ ጋር የማይገናኝ ነገርም ሊሆን ይችላል። እኛ ግን ይህን እንኳ ለመናገር አንችልም፤ አልጠየቅነውምና። ስሙን እናውቀው ነበር፤ በሩ ላይ ተለጥፏል። ጠርተነው ግን አናውቅም።

እንግዲህ ለጓደኞቻችን ያለን ሂስ ይህ ነው። የጻፋችሁት ልጅ፣ ሻንጣው የተሰረቀው፣ ዝናብ የደበደበው፣ የኛ የላይኛው አልጋ ልጅ አይደለም። የኛው ልጅ ሻንጣው አልጠፋም፤ ዝናብም አልነካውም። የጎደለው ከአልጋው ሥር የተኛው ሰው አንድ ጥያቄ ነበር፤ «እንዴት ዋልክ? እስቲ ውረድና ሻይ እንጠጣ።» ያንን ከአልጋው ሥር የተኛውን ሰው በታሪኮቻችሁ ውስጥ ፈልገን አጣነው። በራሳችንም ታሪክ ውስጥ አልነበረም። ከተማዋን ወቅሰን እሱን አስመልጠነዋል።

የሚከተለው ዕትም ጽሑፍ መቀበል ሊጀምር ነው። ማሳሰቢያችን ቀላል ነው። አውቶቡስ ተራን ለጊዜው ተዉት። የመጀመሪያውን ሌሊት ጻፉ፤ መብራቱን ማን አጠፋው? ማን ቀድሞ ተናገረ? ምን ተባለ? ማን ሰማና እንዳልሰማ ሆነ? መጪውን ብቻ ሳይሆን ቀድሞ የመጣውንም ጻፉት፤ በበሩ በኩል ሲታይ ምን ይመስላል?

እኛም አንድ ጀምረናል። ነሐሴ ላይ፣ ወረታ መንገድ ዳር ነው የሚጀምረው። ገና ሁለት ገጽ ነው፤ የልጁ ስም ላይ ስንደርስ ቆምን። ፈጥረን ልናወጣለት እንችል ነበር፤ ልብ ወለድ ነውና። እስካሁን ግን ቦታውን ባዶ ትተነዋል።

የላይኛው አልጋም እስካሁን ባዶ ነው። ለሁለተኛው ሴሚስተር አዲስ ልጅ ይመደባል ብለውናል።